ማሽኑን መልስ፣ ፊርማ ተቀበል

ከአዘዞ የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሥራዬ የኢንተርኔት ፋይበር (በብርሃን የሚሠራ ገመድ) መዘርጋትና ለየቤቱ ማገናኘት ነው። የምሠራው ለቴሌኮም ድርጅቱ በቀጥታ ሳይሆን ከእሱ ሥራ ተኮናትሮ ለሚያሠራን ድርጅት ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ የተፈረመ ውል የለኝም። ደመወዝ መጀመሪያ በባንክ፣ ኋላ በእጅ ይሰጠን ነበር፤ አሁን ግን ካገኘን አራት ወር ሆነን። አለቃችን ‹ዋናው ድርጅት ክፍያ አልለቀቀልኝም› ይላል። እሑድም በዓልም እንሠራለን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን አይተን አናውቅም። ባለፈው ክረምት ረዳቴ ከምሰሶ ወድቆ እጁ ተሰበረ፤ ያሳከመው ቤተሰቡ ነው። አሥራ ሦስት ነን። የፋይበር መቀጠያ ማሽኑ እኔ ዘንድ ስላለ እሱን እንያዝ፣ ማራኪ አካባቢ የጀመርነውንም መስመር የማከፋፈያ ሳጥኑን ከፍተን እንተወው፣ ደንበኛው ሲጮህ ይከፍሉናል ተባባልን። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ደንበኞቹ የሚደውሉት በእኔ ስልክ ነው። በቤቷ የጽሑፍና የትርጉም ሥራ የምትሠራ አንዲት ሴት ፋይበሩ ከአጥሯ 60 ሜትር ርቀት ላይ አልፎ ሄዶ እስካሁን አልተገናኘላትም። ‹የሻይ እሰጥሃለሁ፣ ከጎረቤቴ መስመር ቀጥልልኝ› አለችኝ። ከጓደኞቼ ልለይ? ለሰዎቹስ ምን ልበላቸው?»

ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ አትለይ፤ ማሽኑን ግን በዚህ ሳምንት መልስ። ሁለቱን አብሮ ማድረግ ይቻላል።

ከማሽኑ ልጀምር፣ ከደብዳቤህ ውስጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። የመቀጠያ ማሽን ዋጋ ከአራት ወር ደመወዝህ በብዙ እንደሚበልጥ አንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃለህ። ዛሬ አለቃህ ደመወዝ የከለከለ ሰው ነው። ማሽኑን የደበቅህ ዕለት ግን ንብረቱ የተወሰደበት ከሳሽ ይሆናል፤ አንተም ፖሊስ ጣቢያ ቆመህ ስለ ማሽኑ ስትጠየቅ ስለ ደመወዙ የሚሰማህ አይኖርም። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪን ንብረት ያለአግባብ ለራስ ማዋልንና ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስን ያለማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱ ጥፋቶች መካከል አስቀምጧቸዋል። መስመር ማበላሸት ደግሞ ከሥራ ክርክር አልፎ ወንጀል ነው። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 ሆን ብሎ አውታር የሚጎዳን ሰው በጽኑ እሥራት ይቀጣል። «የቆረጥነው የለም፣ የጀመርነውን ብቻ ነው የተውነው» ትሉ ይሆናል። ሳጥኑ ተከፍቶ አድሮ የጎንደር ዝናብ ሲገባበትና ቀድሞ የሚሠራው መስመር አብሮ ሲጠፋ ያንን ልዩነት ለዳኛ ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ።

ስትመልሰው ግን ዝም ብለህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ አትውጣ። የርክክብ ወረቀት በሁለት ቅጂ አዘጋጅ። የማሽኑን ስምና መለያ ቁጥር፣ መቁረጫውን፣ ባትሪውን፣ ቻርጀሩን፣ ያለበትን ሁኔታና ቀኑን ጻፍ። «ለድርጅቱ ሥራ ተረክቤው የነበረውን» የሚል ሐረግ አስገባበት። አለቃህ ወይም ንብረት ክፍሉ ይፈርምበት፤ ማኅተም ካላቸው ይምቱበት። የተፈረመ ውል የለኝም ብለኸኛል። ይህ ወረቀት አሠሪህ ለእሱ ትሠራ እንደነበር በራሱ እጅ የሚያረጋግጥበት ሰነድ ይሆናል። ማሽኑ አልጋህ ሥር ተቀምጦ ይህንን አያስገኝልህም። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይዘህ አስረክብ፣ በስልክህም ፎቶ አንሣ።

የውሉ አለመጻፍ ራሱ አለቆች እንደሚያስፈራሩበት ያህል አያስፈራም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ቢቀር ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ስለዚህ ጥያቄው የማስረጃ ነው። ደመወዝ በባንክ ይገባ ከነበረባቸው ወራት የሒሳብ መግለጫ አውጣ። አለቃህ «ዛሬ ሳሙና በር፣ ነገ ጨጨላ» እያለ በቴሌግራም የላከልህን መልእክት አታጥፋ፤ ቀንና ሰዓት አለበት፣ የሥራ ትእዛዝም ነው። መታወቂያ ካርድ፣ የድርጅቱ ስም ያለበት ቱታ፣ የመግቢያ ደብዳቤ፣ ያገናኘሃቸው ቤቶች ዝርዝር፣ ሁሉንም ሰብስብ።

ከዚያ ደግሞ በስልክህ የሚጮኹብህ ደንበኞች አሉ። አንተ እንደ መከራ ቆጥረሃቸዋል። ነገር ግን እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግቢያቸው ውስጥ መሰላል ላይ እንደነበርክ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል? በበዓል ቀን ቡና እያፈሉ የጠበቁህ እነሱ ናቸው። ጓደኞችህ ያሰቡት እነዚህን ሰዎች መያዣ ማድረግ ነው። እኔ ደግሞ ምስክር አድርጓቸው እላለሁ። ኢንተርኔቱ በእናንተ ምክንያት የጠፋበት ሰው ፍርድ ቤት መጥቶ አይመሰክርላችሁም።

አሁን ከሁሉም አስቸኳይ ወደሆነው ልለፍ፣ እሱም ቀኑ ነው። በአዋጁ መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ፣ ይታገዳል። አራት ወር ካለፋችሁ የመጀመሪያው ያልተከፈለ ወር የቀረው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ነው። አለቃችሁ «ትንሽ ታገሡ፣ ከበዓሉ በኋላ» እያለ የሚያጽናናችሁ ይህን አውቆም ሆነ ሳያውቅ ውጤቱ አንድ ነው፤ በየወሩ አንድ ወር ደመወዝ ከእጃችሁ ይወጣል። የትርፍ ሰዓቱ ነገር ደግሞ መራር ነው። የሁለት ዓመት ከመንፈቁ እሑድ ሁሉ ይመለሳል ብዬ ብነግርህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከስድስት ወር በፊት ያለው ግን አብዛኛው አልፏል። ለቀረው ፍጠን።

ይርጋውን የሚያቋርጡ ነገሮች አሉ። አንዱ ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ማመልከት ነው። ሌላው አሠሪው ዕዳውን ማመኑ ነው። ስለዚህ አለቃችሁ እውነት ገንዘብ ቸግሮት ከሆነና ጊዜ ከፈለገ በደስታ ስጡት፤ በምትኩ ግን «የእነዚህ 13 ሠራተኞች የእነዚህ ወራት ደመወዝ አለብኝ» ብሎ ስም፣ ወርና መጠን ጠቅሶ ይፈርም። ቅን ሰው ከሆነ ምን ይከብደዋል? እምቢ ካለ ደግሞ የት እንደቆማችሁ ታውቃላችሁ።

የትርፍ ሰዓቱን ስሌት ራስህ ሥራው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለስሌት እንዲመች ደመወዝህ 8,320 ብር ነው እንበል። ለወሩ 208 ሰዓት (48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል) ሲካፈል ሰዓቱ 40 ብር ይወጣል። ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራኸው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም 60 ብር ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት የሠራኸው 1.75 እጥፍ፣ 70 ብር ይሆናል። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ 80 ብር፤ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል፣ 100 ብር። ከቴሌግራሙ ላይ ቀናቱን አንድ በአንድ ጻፍና አባዛ። «ብዙ ሠርቻለሁ» የሚል አቤቱታ ችሎት ላይ ክብደት የለውም፤ ቀን፣ ሰፈርና ሰዓት ያለው ሠንጠረዥ ግን ይነበባል።

«ዋናው ድርጅት አልለቀቀልኝም» ስለሚለው ልናገር። ይህን ቃል በኮንትራት ሥራ ያልሰማ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ክፍያ ይዘገያል፣ የሥራ ርክክብ ይጓተታል። ያ ግን በሁለቱ ድርጅቶች መካከል ያለ ሒሳብ ነው። አንተን የቀጠረህ፣ ያዘዘህና ደመወዝ የሚከፍልህ ኮንትራክተሩ ነው፤ ትርፉ የእሱ እንደሆነ ሁሉ የመዘግየቱም ጣጣ የእሱ ነው። እንዲያውም ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በመሣሪያ ወይም በዕቃ እጥረት፣ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር እንኳ ደመወዙ እንደሚከፈለው አዋጁ ይደነግጋል። ገመድ አልመጣም ተብላችሁ የቆማችሁባቸውን ቀናት ከሒሳቡ እንዳታወጧቸው። ለዋናው ድርጅት ግን በግልባጭ አሳውቁ። ለኮንትራክተሩ ገና የሚለቀቅ ገንዘብ በእጁ ካለ የሠራተኛ ዕዳ እንዳለ በጽሑፍ ማወቁ ነገሩን ሊያፈጥነው ይችላል።

ጓደኞችህን በተመለከተ፣ ቁጣቸው ትክክል ነው፤ የመረጡት መንገድ ነው የተሳሳተው። የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት በአዋጁ ውስጥ ከሆስፒታልና ከእሳት አደጋ አገልግሎት ጋር ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሚባሉት ተቋማት ተመድቧል፤ በእነዚህ ውስጥ የሥራ ማቆም መብት የለም። የእናንተ ኮንትራክተር ከዚህ ይመደባል ወይ የሚለው ያከራክራል፣ እሱ ገመድ ዘርጊ እንጂ አገልግሎት ሰጪ አይደለም የሚል ጠበቃ አይጠፋም። በአራት ወር ረሃብ ላይ ሆናችሁ የዚያ ክርክር መሞከሪያ እንድትሆኑ ግን አልመክርም። ሥራ ማቆም በሚፈቀድበት ድርጅትም ቢሆን የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ድምፅ መስጠትና የማስማማት ሙከራ ይጠይቃል፤ በአንድ ሌሊት ምክክር የሚጀመር ነገር አይደለም። ዝም ብሎ መቅረትም አደገኛ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቅረት ለአሠሪው የማሰናበቻ ምክንያት ያስገኝለታል።

አሥራ ሦስት መሆናችሁ ግን ትልቅ ነገር ነው። የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሰው ይበቃል። የማኅበር አባል በመሆን ወይም በአሠሪ ላይ ቅሬታ በማቅረብ ሠራተኛን ማሰናበት ሕገወጥ ነው። ማኅበሩ እስኪመዘገብ ሁለት ተወካይ መርጣችሁ አቤቱታውን አንድ ላይ አቅርቡ። አለቃው አንድ አንዳችሁን ለብቻ እየጠራ የአንድ ወር ክፍያ ሊሰጥና «ከድርጅቱ ጋር ሒሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀት ሊያስፈርም ይችላል። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ስትፈርሙ ግን «የዚህ ወር ደመወዝ ብቻ» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት። ወረቀቱ አይነካም ካለ አትፈርሙ።

ባሕር ማዶ ያለ አንድ ነገር ላንሣ፣ ከእናንተ ጋር ስለሚመሳሰል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር ባደረገው ኦዲት ቬራይዘን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ለነዋሪው ሁሉ ፋይበር ለማዳረስ የገባውን ግዴታ እንዳልፈጸመ አስታወቀ። በዓመቱ ወደ 40,000 የሚጠጉ የዚያው ኩባንያ ሠራተኞች ሥራው ለውጭ ተቋራጭ እየተሰጠ ነው በሚልና በሌሎች ጥያቄዎች ሥራ አቆሙ። የሠራተኞቹ ማኅበር በእነዚያ ዓመታት ብልህ ነገር አደረገ፤ ፋይበር ያልደረሰውን ነዋሪ ቅሬታ ከራሱ ጥያቄ ጋር አያይዞ አነሣ። እነሱ ሥራ የማቆም መብት ነበራቸው፣ እናንተ ያንን መቅዳት አትችሉም። የነዋሪውንና የሠራተኛውን ቅሬታ ማያያዙን ግን ማን ይከለክላችኋል? በማራኪ መስመር ያልተገናኘለት ሰውና በአዘዞ ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው የሚጠብቁት አንድ ሥራ እንዲያልቅ ነው።

ለደንበኞቹ ምን ልበላቸው ላልከኝ፣ እውነቱን ንገራቸው። የጎንደር ሰው በኢንተርኔት ነገር ቢቆጣ አልፈርድበትም። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ የገመድ መስመር ያለውና የሌለው ሰው ምን ያህል እንደተለያዩ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ፋይበር ሲባል ጆሮው ይቆማል። ከአጥሩ ሥር አልፎ ሲሄድ ደግሞ እንደተናቀ ይሰማዋል። ሁለቱን ነገር ለይተህ አስረዳው። የቀድሞው የመዳብ መስመር ከቴሌኮም ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚረባ ፍጥነት አይቀረውም። ፋይበር እንዲህ አይደለም፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የ60 ሜትሩ ችግር ርቀት አይደለም። ወይ የሰፈሩ ማከፋፈያ ሳጥን ቀዳዳዎቹ ሞልተዋል፣ ወይ ወደ ቤት የሚገባው ገመድ የለም፣ ወይ ምሰሶ ይጎድላል፣ ወይ እንደ አንተ ያለው ሠራተኛ አልተከፈለውም። የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ፤ ንገረውና የማመልከቻ ቁጥሩን ይዞ አገልግሎቱን ወደ ገዛበት ድርጅት በጽሑፍ ያመልክት። በዚያ መልስ ካጣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኛ ቅሬታ ይሰማል። በአንተ የግል ስልክ መጮህ ግን ለእሱም ለአንተም ጥቅም የለውም፤ ይህንንም በትሕትና ንገረው።

የሻይውን ነገር እርሳው። እኅታችን ክፋት አስባ አይመስለኝም፤ ሥራዋ እየተበላሸባት ነው። ግን አንተ የምታውቀውን እሷ አታውቅም። ማዕከሉ ላይ መለያ ቁጥሩ ያልተመዘገበ የቤት መሣሪያ ገመድ ስለተሰካበት ብቻ አይሠራም። በአንድ ፋይበር ላይ ያለው ብርሃን ለ32 ወይም ለ64 ቤት እየተከፋፈለ ስለሚሄድ ከጎረቤት መስመር ላይ አንድ ጊዜ ለሁለት ስትከፍለው ለጎረቤቷ የሚደርሰው በግማሽ ይቀንሳል፤ ሳጥኑ ሩቅ ከሆነ የእሱም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ተቀብለህ መስመር ያጠፋህ ሰው ትሆናለህ፤ አለቃህም የአራት ወር ዕዳውን የሚሸፍንበት ወሬ ያገኛል። ለእሷ ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር አለ። የሳጥኑን ቁጥርና ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው አይተህ ንገራት፣ በማመልከቻዋ ላይ ትጥቀሰው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ለመመለስ አይመችም።

ወዴት ልሂድ ብትል፦ መጀመሪያ በከተማ አስተዳደሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሂዱ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፤ አቤቱታችሁን ተቀብሎ ቀንና ማኅተም ያለበት ግልባጭ ይስጣችሁ። ያለ ማኅተም አትመለሱ። በዚያ ካልተፈታ ያልተከፈለ ደመወዝ የግል የሥራ ክርክር ነውና የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፤ ቀጠሮ እንደሚረዝም እኔም አንተም እናውቃለን፣ ስለዚህ ዛሬ የገባ ይሻላል። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክሱን እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። በመንገዳችሁም የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳላችሁ አጣሩ። ከደመወዛችሁ 7 ከመቶ እየተቀነሰ፣ አሠሪውም 11 ከመቶ እየጨመረ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መግባት ነበረበት። ከእናንተ ቆርጦ ያላስገባ ከሆነ ያ ሌላ አቤቱታ ነው፣ አሠሪዎችም በጣም የሚፈሩት ነው።

ረዳትህን በደብዳቤህ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈኸዋል፤ የእሱ ጉዳይ ግን ከሁላችሁ ሊከብድ ይችላል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ይጠየቃል፤ የሕክምናው ወጪ የእሱ ነው። የደህንነት ቀበቶና ሄልሜት ሳይሰጥ ምሰሶ ላይ አውጥቶት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መከራከሪያ የለውም። እጁ እንደቀድሞው ካልሆነ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን ይወስናል፣ ካሣውም በዚያ ይሰላል። ይህ የራሱ ክስ ስለሆነ ከደመወዙ ጋር አትቀላቅሉት፤ የራሱም የይርጋ ቀን አለው። የሆስፒታሉን ካርድ፣ የራጅ ውጤቱንና የመድኃኒት ደረሰኞቹን ይሰብስብ። በወደቀበት ሰዓት ሥሩ የነበርከው አንተ ከሆንክ ያየኸውን ዛሬውኑ ጻፍና ፈርምለት፤ እሱም የወደቀበትን ቀን ጠቅሶ ለብቻው ይጻፍልኝ።